ፍሬው ያሳሳተኝ ሰሌዳ፦ የዋልነት ቤተሰብን የመመደብ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

አንድ ሜትር ከሃያ በሰማንያ ሴንቲ የሆነ ጣውላ አለኝ። በላዩ ላይ የዋልነትን ቤተሰብ በዝምድናው ደርድሬ ልሰቅል ነው። ሥዕል አልፈልግም። እውነተኛ ፍሬ፣ እውነተኛ ቀንበጥ፣ የደረቀ ቅጠል ይሁን። የሚያየው ሰው በእጁ እየነካ “ይሄ የዚያ ወንድም ነው፣ ያኛው ደግሞ የአጎት ልጅ” እንዲል ነው ምኞቴ።

ቃላቱን ከወዲሁ ላስቀምጥ፣ ኋላ እንዳልምታታ። ትንሹ መደብ ዝርያ ነው። የሚቀራረቡ ዝርያዎች በአንድ ወገን ይሰበሰባሉ፣ ወገኖች በአንድ ቤተሰብ፣ ቤተሰቦች በአንድ ክፍለ መደብ። የዋልነት ወገን ጁግላንስ ይባላል፣ 20 ገደማ ዝርያዎች አሉት። ቤተሰቡ ደግሞ ጁግላንዳሴ ነው፣ በጠቅላላው 60 ገደማ ዝርያ።

በሳጥን ያለኝን ቆጠርኩ። ከዋልነቶች የፋርሱ ዋልነት (ጁግላንስ ሬጂያ)፣ ጥቁር ዋልነት (ጁግላንስ ኒግራ) እና በተርነት (ጁግላንስ ሲኔሬያ) የሚል መለያ ያለው አንድ ከረጢት አሉ። ከሂኮሪዎች (ካርያ ከሚባለው ወገን) ፒካን እና ቅርፊቱ የሚንጠለጠለው ካርያ ኦቫታ። ክንፍ ያለው ቴሮካርያም አለ፣ ፍሬው ከጥፍሬ አይበልጥም። ሳይክሎካርያ አለ፣ ፍሬው በክብ ሳህን መሃል የተቀመጠ ይመስላል። በመጨረሻም ፕላቲካርያ። ፍሬዋ ትንሽ የጥድ ኮን ትመስላለች። አንድ የዕፅዋት ስብስብ ከሚገርዛቸው ዛፎች ላይ ቀንበጥ እንድወስድ ስለፈቀደልኝ ከሁሉም ቀንበጥ አግኝቻለሁ።

የዛሬው ሥራ ድርደራ ብቻ ነበር። ጣውላውን ወለል ላይ አጋድሜ ፍሬዎቹን አስቀመጥኩ። ትልልቆቹና ቅርፊታቸው ጠንካራ የሆኑት በግራ፦ ዋልነቶቹ፣ ፒካኑ፣ ሂኮሪው። ክንፍ ያላቸውና ትንንሾቹ በቀኝ፦ ቴሮካርያ፣ ሳይክሎካርያ። ፕላቲካርያን ለብቻዋ። ዓይን ሲያየው ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቀን 2

ቀንበጦቹን ዛሬ ጀመርኩ። የዋልነት መጻሕፍት ሁሉ መቅኔውን እዩ ይላሉ። መቅኔ የምለው በቀንበጡ መሃል ያለውን ለስላሳ ልብ ነው።

በመጀመሪያ ቀንበጡን እንደ ካሮት በአግድም ቆረጥኩ። መሃሉ ላይ ትንሽ ቡናማ ክብ ታየኝ፣ ሌላ ነገር የለም። ሁለተኛውንም እንዲሁ አበላሸሁ። ሦስተኛውን ሞርሳ ላይ አስሬ በከተር ከላይ ወደ ታች በቁመቱ ሰነጠቅኩት። ያኔ ገባኝ። የጥቁር ዋልነት መቅኔ ባዶ ክፍሎች አሉት። በመካከላቸው ቀጫጭን ግድግዳዎች በተርታ ተደርድረዋል። ልክ መሰላል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም።

ለሚሞክር ሰው አንድ ምክር አለኝ። ገና እያደገ ያለ ጫፍ አትሰንጥቁ። እዚያ መሰላሉ ገና አልተሠራም። የበሰለ፣ እንጨት መሆን የጀመረ ክፍል ምረጡ።

ቀጥዬ ፒካኑን ሰነጠቅኩ። መቅኔው ድፍን ነው። ሂኮሪውም ድፍን። ፕላቲካርያም ድፍን። እስካሁን ጥሩ። ከዚያ ቴሮካርያን፣ ያችን ክንፍ ያላትን ትንሽ ፍሬ የምታፈራውን ዛፍ ሰነጠቅኩ።

መሰላል።

ሳይክሎካርያንም ሰነጠቅኩ። መሰላል። ወደ ጣውላው ሄጄ ትናንት የደረደርኩትን አየሁት። በግራ በኩል ትከሻ ለትከሻ ያስቀመጥኳቸው ዋልነትና ፒካን በመቅኔያቸው ይለያያሉ። ከሜትር በላይ ያራቅኩት ቴሮካርያ ግን የዋልነቱን መሰላል ይዟል።

ቀን 3

ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩትን እዚህ ላስፍር። የትናንቱ ግርምት አዲስ ነገር አልነበረም፣ የእጽዋት ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ዘመናት አልፈዋል።

ካርል ሊኒየስ በ1753 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዕፅዋትን ስም ሲያደራጅ ጁግላንስ በሚለው ወገን ሥር ዋልነቱንም ሂኮሪውንም አብሮ ጨመረ። ስሙ ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፣ “የጁፒተር ለውዝ” እንደማለት። ፒካንም በ1787 ሲሰየም ጁግላንስ ተባለ። የቴሮካርያ ዛፍም መጀመሪያ ጁግላንስ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ማለት አንድ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ።

መለየቱ ቀስ በቀስ መጣ። የሂኮሪ ታሪክ ግን ልቤን ነካው። ኮንስታንቲን ራፊኔስክ የሚባል ተመራማሪ ሂኮሪን ከዋልነት ለይቶ የራሱን ወገን ሊሰጠው ፈለገ። በ1808 “ሂኮሪያ” ሊል የፈለገው ስም በኅትመት ስህተት “ስኮሪያ” ሆኖ ወጣ። ኋላ ላይ እያስተካከለ ደጋግሞ ጻፈው። በ1818 ግን ቶማስ ነታል “ካርያ” አለው፣ ከግሪክ የለውዝ ቃል። ዛሬ በሕግ የጸናው የነታል ስም ነው። የራፊኔስክ ስም ቀድሞ የመጣ ቢሆንም የዕፅዋት ስም ሕግ ካርያን ለብቻው ጠብቆ አስቀርቶታል። ያ ሰው ሂኮሪ ዋልነት አለመሆኑን ቀድሞ አይቷል። ስሙ ቢቀርም ዓይኑ ትክክል ነበር።

ቴሮካርያን በ1824 ኩንት የሚባል ሊቅ ለየው፣ ትርጉሙ “ክንፋማ ለውዝ”። ሳይክሎካርያ ግን እስከ 1953 ድረስ የቴሮካርያ አባል ሆና ቆይታለች። ኢሊንስካያ የምትባል ተመራማሪ ናት ራሷን የቻለች ወገን ያደረገቻት። ክብ ክንፏን አይቼ እኔም እለያት ነበር።

ቀን 4

በሴጌቶ የፍሬውን ቅርፊት መቁረጥ ብዙ ያስተምራል። ይህን ቀን ለዚህ ሰጠሁት።

የጥቁር ዋልነት ቅርፊት ከባድ ነው፣ ሴጌቶው ይንሸራተታል። ፍሬውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ አሰርኩት። በግርጌው ስቆርጥ ውስጡ በአራት ክፍሎች ተከፍሎ ታየኝ። የፋርሱ ዋልነትም ግርጌው አራት ነው፣ ግን ቅርፊቱ ስስ ነውና በእጅ ለሁለት ይፈለጣል።

በጁግላንስ ውስጥ ራሱ ትንንሽ ቡድኖች አሉ። አንደኛው ጥቁሮቹ ናቸው፣ ሁሉም የአሜሪካ አህጉራት ልጆች። ሁለተኛው የፋርሱ ዋልነትና የቻይናው ጁግላንስ ሲጊላታ። ሦስተኛው የምሥራቅ እስያዎቹ፣ የጃፓኑ ጁግላንስ አይላንቲፎሊያና የማንቹሪያው ጁግላንስ ማንድሹሪካ። በተርነት ብቻውን ቆሟል። አንዳንድ ሰው ከምሥራቅ እስያዎቹ ጋር ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል። ስለ እሱ ከዚህ በታች ብዙ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ ያ ከረጢት አስጨንቆኛል።

ቀን 5

የአረንጓዴውን ልጣጭ ሥራ በቅጡ አላሰብኩበትም ነበር። አንዳንዶቹ ፍሬዎች ከነልጣጫቸው ትኩስ መጥተውልኛል። የሂኮሪው ልጣጭ በአራት መስመር ተሰንጥቆ ይከፈታል። የጥቁር ዋልነቱ ግን አይከፈትም፣ እየበሰበሰ ነው የሚለቀው። ይህ ራሱ ትልቅ መለያ ነው። ሁለቱን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ማሳየት ፈለግኩና ልጣጩን በባዶ እጄ ላጥኩ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼ ጠቆሩ። በሳሙናም አልለቅ አለኝ። ልጣጩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አየር ሲያገኘው ጁግሎን ወደሚባል ውህድ ይቀየራል፣ ቆዳንም ወረቀትንም ቡናማ ያደርጋል። ይኸው ጁግሎን ነው ጥቁር ዋልነት ሥር ሌሎች አንዳንድ ተክሎች እንዳይበቅሉ የሚያደርገው። የጻፍኳቸው አራት የስም ወረቀቶች ጠፍተዋል። ጓንት ሳታደርጉ አትጀምሩ። ፍሬውን ለማድረቅ ደግሞ ልጣጩን ካስወገዱ በኋላ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር መዘርጋት ይበልጣል፣ የታሸገ ነገር ውስጥ ከዋለ ይሻግታል።

ዕፅዋት አጥኚዎች ይህ ፍሬ ለውዝ ነው ወይስ እንደ ኮክ በሥጋ የተሸፈነ ፍሬ ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ልጣጩ ከየት መጣ የሚለው ነው። በኮክ ሥጋው ከአበባው እንቁላል ማህፀን ግድግዳ ይመጣል። በዋልነት ግን ልጣጩን የሚሠራው አበባውን ያቀፉት ትንንሽ ቅጠሎችና የአበባው ሌሎች ክፍሎች ተጣብቀው ነው። ለዚህ ነው “ኮክ መሰል ለውዝ” የሚሉት።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ የቴሮካርያን ፍሬ አነሳሁ። ሁለቱ ክንፎች ከምን ተሠሩ? አበባዋን ካቀፉት ትንንሽ ቅጠሎች። የሳይክሎካርያም ክብ ክንፍ ከእነዚያው ነው። አንዱ ጋ ክንፍ የሆነው ቅጠል፣ ሌላው ጋ ወፍራም ልጣጭ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እንግዲህ ክንፍ መኖር አለመኖሩ ለመለየት ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያ ቀን ድርደራዬን ያፈረሰው ይህ ነው።

ቀን 8

ስለዚያ ከረጢት ልጻፍ።

ከአንድ ዘር አቅራቢ የመጣ ነው፣ “ጁግላንስ ሲኔሬያ” የሚል ግልጽ መለያ አለው። ፍሬው በቅርጹ ረዘም ብሎ፣ ሸካራና በሹል ጉብታዎች የተሸፈነ መሆን ነበረበት። በግርጌው ሲቆረጥ ክፍሉ ሁለት ነው። የመጣልኝ ግን ለስለስ ያለና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ በጎን ሲያዩት ልብ ይመስላል። ያ የጃፓኑ ዋልነት የልብ ቅርጽ ያለው ዓይነት ነው።

ችግሩ ፍሬ ብቻ አይቼ መወሰን አልፈልግም። ፍሬ አንድ ጊዜ አሳስቶኛል። ደግሞ በተርነትና የጃፓን ዋልነት ተዳቅለው የሚፈለፈሉ ዛፎች በሰው እጅም በራሳቸውም ተበራክተዋል። የእነሱ ፍሬ በመካከል ይሆናል። ስለዚህ ከዚያው አቅራቢ የዛፉን ቀንበጥ ጠየቅኩ። ላከልኝ።

የፈተሽኩት እንዲህ ነበር። አንደኛ፣ መቅኔው። የበተርነት መቅኔ እንደ ቸኮሌት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። የእኔው ቀለል ያለ ቡናማ ነው። ሁለተኛ፣ የቅጠል ጠባሳ፣ ማለት ቅጠሉ ወድቆ የተወው ምልክት። በበተርነት የጠባሳው የላይ ጠርዝ ቀጥ ይላል ወይም በትንሹ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ከበላዩም ጢም የመሰለ የፀጉር መስመር አለ። የእኔው መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ነው። ሦስተኛ፣ በቅርንጫፉ ቆዳ ላይ ያሉት የመተንፈሻ ነጠብጣቦች። የበተርነት ትንንሽና ክብ ናቸው። የእኔው በቁመት የተሳቡ።

ሦስቱም ወደ አንድ ጎን ጠቆሙ። መለያውን ነቅዬ “ጁግላንስ አይላንቲፎሊያ፣ የልብ ዓይነት” ብዬ ጻፍኩ። ድቅል የመሆን ዕድሉን ለማስቀረት የዘር ምርመራ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ በወረቀቱ ጥግ የጥያቄ ምልክት አስቀመጥኩ። አቅራቢውን አሳወቅኩት፣ በቅንነት አመሰገነኝ።

ይህን ያህል የደከምኩበት ምክንያት አለኝ። በተርነት ለመጥፋት ተቃርቧል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንድ ፈንገስ ግንዱን እያቆሰለ ይገድለዋል፣ በ1967 ነው በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ የቆመ በተርነት ሲገኝ ሰዎች ዘሩን ለማትረፍ ይሰበስባሉ። ያ ዛፍ ድቅል ከሆነ ግን የተሰበሰበው የንጹሁ በተርነት ዘር አይሆንም። ስለዚህ ጠባሳውን በአጉሊ መነጽር ማየት ትርፍ ሥራ አይደለም። የአንድ ዝርያ ሕይወት በላዩ ላይ ይንጠለጠላል።

ቀን 9

አጭር ቀን። ቅጠል ማድረቅ። በጋዜጣ መካከል ተጭኗል፣ በየቀኑ ወረቀቱን መቀየር አለብኝ። የፋርሱ ዋልነት ንዑስ ቅጠሎች ከ5 እስከ 9 ናቸው፣ ጠርዛቸው ለስላሳ። ጥቁር ዋልነት ብዙ አለው፣ እስከ 23 ይደርሳል፣ ጫፍ ላይ ያለው ነጠላ ቅጠል ብዙ ጊዜ አይገኝም። የካርያ ኦቫታ ብዙ ጊዜ አምስት ናቸው። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ።

ቀን 12

የጣውላው ላይኛ ክፍል ምን ይጻፍበት? ለቤተሰቡ ጎረቤቶች ቦታ መስጠት አለብኝ።

የዋልነት ቅጠል ወደ ጎንና ጎን የተበተነ ስለሆነና ሲጨመቅ የሚሸተት ስለሆነ፣ ከዚህ ቀደም አንዳንድ ሊቃውንት ከፒስታሽዮና ከሱማክ ቤተሰብ አጠገብ አስቀምጠውታል። አልፈርድባቸውም። ቅጠሉ በእርግጥ ያመሳስላቸዋል። አበባው ግን ሌላ ነው። የዋልነት አበባ ቀለም የለውም፣ ነፋስ ነው የሚያዳቅለው፣ ወንዱ አበባ እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ይህ የባሉጥ (የኦክ)፣ የበርች፣ የሀዘልነት ጸባይ ነው። የዘር ምርመራ ሲመጣም ዋልነት ከእነዚሁ ጋር ፋጋሌስ በሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ገባ።

በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ በስማቸው የማውቃቸው ሁለት ዛፎች በመኖራቸው ደስ ብሎኛል። ሸውሸዌ አንዱ ነው። ጥድ የሚመስለው፣ ንፋስ ሲመታው የሚያፏጨው። ቅጠሉ እንደ ጥድ ቢመስልም አበባ የሚያወጣ ዛፍ ነው፣ ቤተሰቡ ካሱዋሪናሴ። ሁለተኛው ሺነት ነው፣ ከሚሪካሴ ቤተሰብ። ሚሪካሴ ከዋልነት ቤተሰብ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ነው። ሺነትን ስታዩ ዋልነት አይመጣላችሁም፣ አውቃለሁ። የደረቀ ቀንበጡን በላይኛው ጥግ ሰቅዬዋለሁ።

ስም ግን ምን ያህል ያታልላል! “ለውዝ” ስንል ኦቾሎኒም እንላለን፣ በጥንቱ አጠቃቀም አልሞንድም ለውዝ ነው። ኦቾሎኒ የባቄላ ዘመድ ነው፣ አልሞንድ የኮክ። በሌሎች ቋንቋዎችም “የአፍሪካ ዋልነት” የሚባሉ አሉ። አንዱ የማሆጋኒ ቤተሰብ ዛፍ ነው፣ ሌላው በሌላ ዛፍ ላይ የሚወጣ ተክል፣ የቁልቋል ቤተሰብ (ዩፎርቢያሴ)። ከዋልነት ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። ለእነዚህ ሰሌዳዬ ላይ ቦታ የለም።

ቀን 15

ድርደራውን አፈረስኩት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይህን ነበር የሠራሁት።

አሁን ጣውላው ላይ ከታች ግንድ ሣልኩ፣ ከዚያ ሦስት ትልልቅ ቅርንጫፎች። የመጀመሪያው ወደ ሮይፕቴሊያ ይሄዳል። ይህ የደቡብ ቻይናና የቬትናም ዛፍ አንድ ዝርያ ብቻ ነው ያለው። ለረጅም ጊዜ የራሱ ቤተሰብ ነበረው። በ2009 የወጣው ዓለም አቀፍ የአበባ ዕፅዋት ምደባ በዋልነት ቤተሰብ ውስጥ ጨምሮታል፣ የ2016ቱም አጽንቶታል። ናሙናው የለኝም። ባዶ ቀዳዳ አስቀምጬለታለሁ።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ የኤንገልሃርዲያ ወገን ነው። ክንፉ ሦስት ጣት አለው። ከእሱ ጋር አልፋሮዋና ኦሬዮሙኒያ አሉ፣ የመካከለኛው አሜሪካ ዛፎች። የአልፋሮዋ ፍሬ ክንፍ የለውም፣ ጠንካራ ለውዝ ነው። በዓይን ብቻ ብሄድ ኖሮ አልፋሮዋን ከዋልነት ጋር አስቀምጥ ነበር። ዝምድናው ግን ከክንፋሞቹ ጋር ነው።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ ትልቁ ነው። እዚያ ላይ ጁግላንስ፣ ቴሮካርያና ሳይክሎካርያ በአንድ ሰፈር ይቀመጣሉ፣ መሰላሉን የሚጋሩት። ካርያና ፕላቲካርያ ከዚህ ሰፈር ወጣ ብለው።

ይህን ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። ጠንካራ ትልቅ ለውዝ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ሦስቱ ቦታዎችም አይገናኙም፦ ጁግላንስ፣ ካርያ፣ አልፋሮዋ። ሽኮኮና አይጥ የመሳሰሉት ከብደው የሚወድቁ ፍሬዎችን እየወሰዱ ይቀብራሉ፣ የረሱት ይበቅላል። ነፋስ ክንፋሞቹን ይወስዳል። ዛፎቹ በተለያየ ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ መርጠዋል። ትልቅ ለውዝ ያላቸውን በአንድ ጎን መሰብሰብ ማለት ሽኮኮ የሚወደውን መሰብሰብ ነው፣ ዘመድ መሰብሰብ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። የፋርሱ ዋልነት። በ2019 የወጣ የሙሉ ዘረ መል ጥናት ይህ ዝርያ በጥንት ዘመን ከድቅል እንደተገኘ ያሳያል፣ አንዱ መነሻው ከአሜሪካ ዋልነቶች መስመር፣ ሌላው ከእስያ መስመር። እንዲህ ያለ ታሪክ በቅርንጫፍ አይሳልም፣ ሁለት ቅርንጫፍ መገጣጠም አለበት። ጣውላው ላይ ከሁለት በኩል የተጠማዘዘ ክር ወደ አንድ ምስማር አመጣሁ። ከቅርንጫፉ ሥዕል ጋር አይሄድም፣ ቢሆንም እውነቱ እንደዚህ ስለሆነ እተወዋለሁ።

ቀን 17

ትራፓኖ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ። ምንም አዲስ ነገር የለም። የተሰነጠቁትን ቀንበጦች በስስ ሽቦ አሰርኩ እንጂ ኮላ አልተጠቀምኩም፣ ኮላው ወደ መሰላሉ ክፍሎች ይገባል። የፒካኑን ግን በኮላ አጣብቄዋለሁ፣ ድፍን ስለሆነ አልጎዳውም።

3ኛ ወር

ዛፎቹ አበቡ። ለዚህ ነው የጠበቅሁት።

በጥቁር ዋልነት ወንዱ አበባ ነጠላ ጅራት ሆኖ ካለፈው ዓመት ቀንበጥ ላይ ይንጠለጠላል። ሴቶቹ አበባዎች ከአዲሱ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ትንንሽ ሆነው ይቀመጣሉ። በሂኮሪ ወንዶቹ በሦስት በሦስት ይንጠለጠላሉ፣ ከአንድ ዘንግ ላይ። ይህንን ከሩቅ ማየት ይቻላል፣ ቀንበጥ ሳትሰነጥቁ።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከአንድ ዝርያ ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። የአንዱ ወንድ አበባ ብናኙን ጨርሶ ደርቋል፣ የሌላው ገና አልከፈተም፣ ሴቶቹ ግን ክፍት ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በአንዳንዶቹ ዛፎች ወንዱ ይቀድማል፣ በሌሎቹ ሴቷ። ስለዚህ ዛፉ በአብዛኛው ራሱን አያዳቅልም፣ ከሌላኛው ዓይነት ጋር ይተባበራል። ይህ በዋልነትም በሂኮሪም፣ በሳይክሎካርያም ይታያል። የቤተሰቡ የጋራ ጸባይ ነውና ሰሌዳው ላይ ለብቻው አንድ ወረቀት ይገባዋል።

ፕላቲካርያ ግን ከሁሉም ትለያለች። የአበባዋ ዘንጎች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ተንጠልጥለው አይወርዱም። የሚያዳቅሏትም ነፍሳት ናቸው። ስታብብ ንቦች ከበቧት አየሁ፣ በሌሎቹ ላይ ግን እንዲህ አላየሁም። ፍሬዋ ኮን ስለሚመስል እሷን ለብቻዋ ያስቀመጥኩት መጀመሪያ ላይ በመልኳ ነበር። አሁን በአበባዋም ምክንያት አገኘሁ።

5ኛ ወር

የመጨረሻው ክፍል ዘር መዝራት ነው። የበሰለ የጥቁር ዋልነት፣ የሂኮሪና የቴሮካርያ ዘር ከ3 እስከ 4 ወር እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቅዝቃዜ አቆየሁ። ያለዚያ አይነቁም። ከዚያ በማሰሮ ዘራሁ።

የጥቁር ዋልነቱ ከአፈር ውስጥ ቀጥ ያለ ወፍራም ቀንበጥ አወጣ። ሥጋ የያዘው የዘሩ ክፍል ከመሬት በታች፣ በቅርፊቱ ውስጥ ቀርቷል። ሂኮሪውም እንዲሁ። የቴሮካርያው ግን ሁለት ትንንሽ ቅጠሎችን ከፍ አድርጎ ይዞ ወጣ፣ እያንዳንዳቸው እንደ እጅ ጣት የተከፋፈሉ። ከዘሩ ውስጥ የነበሩት የመጀመሪያ ቅጠሎች ናቸው። አየሩን አግኝተው አረንጓዴ ሆነዋል።

በመቅኔ የሚዛመዱት ዋልነትና ቴሮካርያ በአበቃቀል ተለያዩ። በመቅኔ የሚለያዩት ዋልነትና ሂኮሪ ደግሞ ተመሳሰሉ። ትልቅ ዘር ምግቡን ከመሬት በታች ጠብቆ ያቆያል፣ ትንሹ ዘር በፍጥነት ቅጠል ማብቀል ይገደዳል። የአኗኗር ጉዳይ ነው፣ እንደ ፍሬው። ሦስቱን ማሰሮዎች ከሰሌዳው በታች በመደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፣ እያንዳንዱ ላይ መለያ ተጽፏል።

ዛሬ ጠዋት የቴሮካርያው ሦስተኛ ቅጠል ተከፈተ። አሁን መልኩ የዋልነት ቤተሰብ ቅጠል ሆኗል። የተረፈው ቀዳዳ የሮይፕቴሊያና የሁለተኛው ቅርንጫፍ ዛፎች ብቻ ነው። ናሙና እስኪመጣ ቀዳዳው አጠገብ ስማቸውን በእርሳስ ጻፍኩ።